«የእኔ አይደለም» የተባለችው ሙዳይ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ እኔም ባለቤቴም የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ሁለት ልጆች አሉን። ሴቷ ዘንድሮ ኅዳር 13 አሥር ዓመት ይሞላታል፣ ወንዱ ስድስት ዓመቱ ነው። አማቴ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከማቻከል ገጠር መጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ልጆቹም እኔም እማማ ነው የምንላቸው።

አምና ኅዳር 13 ዓርብ ስለዋለ የልጄን ልደት ቅዳሜ አደረግነው። ሳሎኑን በፊኛና በሪባን አስጌጥኩ፣ ኬክ አዘዝኩ፣ የክፍል ጓደኞቿን ጠራሁ። ሻማው ሊበራ ሲል እማማ ከጓዳ ወጡ። በነጠላቸው ጫፍ የሸፈኗት ሙዳይ ይዘዋል። ከመስከረም ጀምረው ሲሰፏት የከረሟት ናት፤ ቀይና አረንጓዴ አለላ የገባባት፣ ክዳን ያላት። እኔ ‹እማማ፣ እሱን ኋላ፣ ፎቶ እየተነሣን ነው› ብዬ ተቀበልኳቸውና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኳት። አንዷ ሕፃን ‹ያ ምንድን ነው? የእንጀራ ነው?› ብላ ስትስቅ ልጄ ፊቷ ቀልቶ ‹የእኔ አይደለም፣ የእማማ ነው› አለች። እማማ ሰምተዋል። ምንም አላሉም፤ እንግዳው እስኪሸኝ ቡና ሲያፈሉ አመሹ።

ከዚያ ወዲህ ወስፌ በእጃቸው አልያዙም። ሙዳይዋም ካስቀመጥኩበት አልወረደችም፤ ማንሣቱ ራሱ አሳፍሮኝ ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ መስከረም ስንደዶ የምትሸጥ ሴት በራችን መጥታ ስትጣራ እማማ ‹ምን ያደርግልኛል፣ ዓይኔ ደክሟል› ብለው መለሷት። ባለቤቴ ‹ረስተውታል፣ አታንሺው› ይለኛል። እኔ ጥሩ የሐበሻ ቀሚስ ገዝቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ልጄ ደግሞ ልደቴ እንዳምናው ይሁንልኝ ትላለች። ኬኩንና ፊኛውን ትቼ ሁሉንም በቤት በተሠራ ነገር ባደርገው ይሻል ይሆን? ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤ ላይ የቀረችው ስንደዶ ሻጯ ናት። ደጋግሜ ወደ እሷ ተመለስኩ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ስንደዶው በየዳገቱና በየድንበሩ ዘንጉን ሲያወጣ፣ የገጠር ሴት ልጅ ከእኩዮቿ ጋር እየዘፈነች ስንደዶ ፍለጋ ትወጣለች። የዓመቱ ስፌት የሚሰበሰበው በዚያ ሰሞን ነው፤ ያኔ ያልተሰበሰበ እንደሆነ በበጋው እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመጣል። ማቻከል ተወልደው እዚያው ያረጁ እናት ይህንን ወቅት ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ዓመት አሳልፈውት አያውቁም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያሉ እናት ደጃቸው ድረስ የመጣውን ስንደዶ «ምን ያደርግልኛል» ብለው ከመለሱ፣ ባለቤትሽ ተሳስቷል። አልረሱትም። ልጃቸው ነውና እናቱ እንዳላዘኑ ማሰብ ይቀልለዋል፣ አልፈርድበትም። ግን በእኛ አገር ትልቅ ሰው ምራቱን «አስቀይመሽኛል» አይላትም። «ዓይኔ ደክሟል» ይላል። «ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ» ይላል። «እናንተው ዕወቁበት» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቡና ያፈላል።

ዓይናቸውንም ቢሆን ማሳየትሽ አይቅር። በዚህ ዕድሜ የዓይን ሞራ የተለመደ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ ተገፎላቸው እንደገና መርፌ የሚያሰኩ እናቶች አሉ። ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። ይቅርታው ይቅደም፣ ሐኪም ቤቱ ይከተል። ሐኪም ቤቱን ካስቀደምሽ ሰበባቸውን ያመንሽላቸው ይመስላቸዋል፣ ያን ጊዜ በሩን ጨርሰው ይዘጉታል።

አሁን ስለ ሙዳይዋ እናውራ። አንቺ የምታውቂያት ካለቀች በኋላ ነው፤ እኔ ከመነሻዋ ላሳይሽ። መነሻዋ ከአዝራር አትበልጥም። የደረቀው ሣር ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ካልራሰ ይሰበራል፣ ጣትም ይቆርጣል። ለጌጥ የሚሆነው ለብቻው ተለይቶ ከቀለም ጋር ይቀቀላል፣ ይደርቃል፤ አለላ የምንለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ወስፌው ይበሳል፣ ሣሩ ይገባል፣ ይሳባል፣ ይጠብቃል። እንደገና ይበሳል። ሙዳይዋ ሆዷ እየሰፋ ሲመጣ አቦል ላይ የተጀመረ አንድ ዙር በረካ እስኪጠጣ ላያልቅ ይችላል። ቀዩ የት ገብቶ አረንጓዴው የት እንደሚጀምር የሚናገር ወረቀት የለም፤ ሰፊዋ በሆዷ እየቆጠረች ነው የምትሄደው፣ አንዲት ስታመልጣት ጌጡ ይጣመማል፣ ተፈትቶ ይሰፋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ክዳኑ ነው። ትንሽ ከጠበበ አይገጥምም፣ ትንሽ ከሰፋ ይወዛወዛል። ለብቻው ተሰፍቶ፣ አፏ ላይ እየተለካ፣ እየተፈታ እንደገና የሚሠራ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ሁለት ወር እማማ እንደዚህ ነው ያሳለፉት፤ አንቺ ቢሮ ውለሽ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ውለው።

ደግሞ ይህንንም አስቢው። እማማ በልደት ቀን ስጦታ መስጠትን ከማን ተማሩ? በእሳቸው ልጅነት የልጅን የልደት ቀን በየዓመቱ ማክበር በገጠር የታወቀ አልነበረም። ልጅ ሲወለድ ገንፎ ተገንፍቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፣ ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ይታሰራል፣ አለቀ። ልደት ብሎ መደገስ ለጌታና ለእመቤታችን ነው፤ ግንቦት 1 ልደታ ስትሆን ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተጋግሮ ጎረቤት ደጅ ላይ ይሰበሰባል። የልጅ ልደት የሚታወሰው በበዓል ተጠግቶ ነው። የአንቺ ልጅ በእማማ ቋንቋ «የኅዳር ሲታጠን ማግሥት» የተወለደችው ናት። ኅዳር 12 ማለዳ ቆሻሻው ተጠርጎ ሲቃጠል፣ ጭሱ ከየጊቢው ሲወጣ፣ ብዙ ሰው የሚያስበው በ1911 ዓ.ም. አገሩን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ ነው። እማማ ግን ከጭሱ ጋር የልጅ ልጃቸውም ትመጣባቸዋለች። ኅዳር 13 የተወለደች ሴት ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው የካቲት 2 ነው፤ የክርስትናዋን ቀን አንቺ ብትረሺው እሳቸውን ጠይቂያቸው።

እንግዲህ እኚህ እናት ሳሎኑ በፊኛ ሲያጌጥ፣ ሻማ ሲበራ አይተው «ይህ የእኛ አይደለም» ብለው ጓዳ መቀመጥ ይችሉ ነበር። ስንቶች አሉ እንዲያ የሚያደርጉ። እሳቸው ግን እናንተ ያመጣችሁትን በዓል ተቀበሉት፣ በሚያውቁት በኩል ገቡበት። ከጓዳ እስከ ሳሎን የመጡት ያንን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ነው፣ እህቴ። በሩ ላይ ነው «ኋላ» ያልሻቸው። ይህን የምጽፍልሽ እንድትቆስዪ ብዬ አይደለም። የተጎዳው ምን እንደሆነ ካላወቅሽ የምትጠይቂው ይቅርታ ሌላ ቦታ ስለሚያርፍ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከገጠር ወጥቼ ከተማ ቤት ስከራይ እናቴ ስንቄን በአገልግል ትልክልኝ ነበር። ስፌቱ የእሷ፣ ቆዳው በሰፈራችን ፋቂ የተለበጠ። አብረውኝ የተከራዩት ልጆች ስንቃቸው በገበያ ዕቃ ነበር የሚመጣላቸው። እኔ አገልግሉን አልጋ ሥር ከትቼ፣ ቂጣውን በጋዜጣ ጠቅልዬ አወጣ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ሳትነግረኝ መጣችና ከአልጋው ሥር አየችው። አውጥታ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችለት፣ ያመጣችውን ጨመረችበት፣ ተመልሳ ሄደች። በሚቀጥለው ወር ስንቄ በላስቲክ ነበር የመጣው። ይቅርታ ሳልጠይቃት አረፈች። አገልግሉ ዛሬ እኔ ቤት ነው፤ ቆዳው ደርቆ ማንገቻው ተበጥሷል፣ በየፋሲካው ቅቤ እቀባዋለሁ። አንቺ ግን እማማ ጓዳ ውስጥ አሉልሽ።

ስለዚህ ቀሚሱን አትግዢ። ለገና ወይም ለፋሲካ ትገዢላቸዋለሽ፣ ያን ጊዜ የበዓል ልብስ ይሆናል። አሁን ብትገዢው ግን ሁለት ወር የተሰፋችውን ሙዳይ ዋጋ ተምነሽ የከፈልሽ ያህል ነው የሚሆነው። እማማም ይለብሱታል፣ ይመርቁሻል፣ ወስፌው ግን ከተቀመጠበት አይነሣም።

ብቻሽን ግቢ። ባለቤትሽም ልጆቹም አይኑሩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ፣ ወይም ሌሊት ለጸሎት ተነሥተው ሲጨርሱ፣ ቤቱ ገና ጸጥ ባለበት ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ከእሳቸው ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። ነገሩን በስሙ ጥሪው፦ «እማማ፣ አምና ሙዳይዋን በእንግዳ ፊት ከእጅዎ ተቀብዬ እንደ ማንኛውም ዕቃ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኳት። ልጅቱ ያለችውንም ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ እኔ አክብሬ ብቀበልዎት ኖሮ እሷም ታከብራት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «ግን እኮ ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ» አትበይ። «ግን» የምትለዋ ቃል ከገባች ይቅርታው ወደ ክርክር ይሄዳል።

የሚመልሱልሽን ከአሁኑ ልንገርሽ፤ «ኧረ ምኑን! እኔ መቼ ልብ ብዬው» ይሉሻል። አትከራከሪያቸው፣ ግን ያለቀም እንዳይመስልሽ። ጉልበታቸውን ስመሽ ተነሺ። ሁለት ሦስት ቀን አሳልፊና አንድ ነገር ለምኛቸው፦ «ልጅቱን ስፌት ያስጀምሩልኝ።» እኔ ከይቅርታው ይልቅ ተስፋ የማደርገው በዚህ ልመና ነው። ምንም አያስፈልገንም ተብለው ዓመት የከረሙ እናት የሚፈለጉበት ነገር ሲመጣ ፊታቸው ሲለወጥ ታዪዋለሽ። መጀመሪያ እንቢ ሊሉ ይችላሉ፣ ዓይናቸውን ያነሣሉ። «እሷ ዓይን ትሁንልዎት፣ እርስዎ እጇን ይምሩላት» በያቸው። ስንደዶው እስካሁን ከገበያ አይጠፋም፤ ከቀለም ጋር ገዝተሽ ግቢ፣ የሚመርጡት ግን እሳቸው ይሁኑ። እስሩን ዘርግተው አንዱን ዘንግ ከአንዱ ሲለዩ ልጅሽ አጠገባቸው ብትቀመጥ ትምህርቱ ከዚያው ተጀመረ ማለት ነው።

ልጅቱን በተመለከተ፣ ተቆጥተሽ እማማ እግር ላይ እንዳትጥያት። በዘጠኝ ዓመቷ፣ ጓደኞቿ እየሳቁ፣ «የእኔ አይደለም» ያለችው መሳቂያ መሆንን ፈርታ ነው። ይህ ዕድሜ ልጅ ከቤቷ የምታፍርበት ዕድሜ ነው፤ የእናቷን ዓይንም አይታ ነው የምትናገረው። ለብቻዋ አስቀምጠሽ ከላይ የነገርኩሽን ንገሪያት፦ መነሻዋ እንደ አዝራር እንደነበረች፣ ክዳኑ ስንት ጊዜ ሊፈታ እንደሚችል። ከዚያ ወስፌውን ትያዘው። የመጀመሪያውን ዙር እማማ ይጀምሩላት፤ እሱን ጀማሪ አይችለውም። ሙዳይ አታስቢ፤ ከአሁን እስከ ኅዳር 13 ለብርጭቆ ማስቀመጫ የምትሆን ዝርግ ነገር ከወጣላት ብዙ ነው፣ ባታልቅም ትቆይ። ጣቷን ወጋ ሲያደርጋት፣ ሣሩ ሲሰበርባት፣ ዙሩ ሲጣመምባት ያኔ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችውን ቀና ብላ ታያታለች። ወንዱም «እኔስ?» ካለ አትከልክዪው። ሸማ የሚሠራው ወንድ ነው፣ ገበያ ላይ በመኪና የሚሰፋውም ወንድ ነው፤ የእጅ ሥራ የሴት ብቻ ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይገባኝም።

አሁን ወደ ድግሱ። ሁሉንም በእጅ በተሠራ ነገር ልተካው ወይ ላልሽው፣ አይሆንም ነው መልሴ። ኬኩን አትከልክያት። ብትከለክያት ልጅሽ የምትይዘው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፦ በእማማ ምክንያት ኬኬ ቀረ። ሙዳይዋን ዕድሜ ልኳን ትጠላታለች። ከአምናው አነስ ያለ ኬክ እዘዢ፣ ጓደኞቿን ጥሪ፣ ሻማውም ይብራ። ቀኑም ዘንድሮ ተመቻችቶልሻል፤ ኅዳር 13 ራሱ ቅዳሜ ይውላል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ሰኞ ኅዳር 15 ነው፣ ቅቤውም እንቁላሉም አያሳስብሽም። ማዛወር የለብሽም፤ እማማ በሚያውቁት ቀን፣ በሚካኤል ማግሥት ይሁን።

ከኬኩ አጠገብ ድፎ ዳቦ ይኑር። እማማን አስቀድመሽ ጠይቂያቸው፤ ፈቅደው ከሆነ ሊጡን ዓርብ ከሚካኤል ሲመለሱ ያቡኩት፣ የማርቆስ የኅዳር ብርድ ሊጥ ያዘገያልና ሌሊቱን ይደር። ኮባውን አንቺ ፈልጊ። ልጆቹ ከመብላታቸው በፊት እማማ ዳቦውን ባርከው ልጅቱን ይመርቋት፣ ከዚያ ሻማው ይጥፋ። ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ምንም አይጋጩም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በዚህ ዘመን በየልደቱና በየሠርጉ ጥግ ላይ መሶብ፣ ጀበና፣ እንዝርት ተደርድሮ ሰው ፎቶ ይነሣበታል። የእማማን ሙዳይ እዚያ አታቁሚያት። ሙዳይ ዕቃ መያዣ ናት። ልጅሽ የጸጉር ማስያዣዋን፣ የጆሮዋን ጌጥ፣ ሰው እንዳያይባት የምትፈልገውን ወረቀት ትክተትባት። ቀለሟ በእጅ ብዛት ቢወይብ ይወይብ። እማማንም በእንግዳ ፊት «ኑ ለልጆቹ አሳዩልን» ብለሽ አታቁሚያቸው፤ ራሳቸው ካልፈለጉ በቀር። ወንበራቸው ከልጅቱ ጎን ይሁን፣ ቡናውን ያን ቀን ሌላ ሰው ያፍላ።

ወደፊት ደግሞ የእማማን ልደት ጠይቁ። ቀኑን ላያውቁት ይችላሉ፤ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ ምክንያት በተነሣ ጊዜ ምን ያህል ልጅ እንደነበሩ ግን ያስታውሱ ይሆናል፤ ከዚያ ቆጥራችሁ ዕድሜያቸውን ትጠጉታላችሁ። ቀኑን ከክርስትናቸው ወይም ከሚዘክሩት ታቦት ጋር አስጠጉት። የዚያን ዕለት ስጦታውን ልጆቹ በእጃቸው ይሥሩት፤ ልጅሽ የጀመረችው ማስቀመጫ እስከዚያ ያልቃል።

የመጨረሻው፣ እስካሁን ያላነሣሁት። ሙዳይዋን ከፍተሽ አይተሻት ታውቂያለሽ? ካስቀመጥሻት አልወረደችም ብለሻል፤ እንግዲያው ማንም አልከፈታትም ማለት ነው። በእኛ አገር አገልግልም ሆነ ሰሃን ባዶውን አይሰጥም፣ ባዶውን አይመለስም። እማማ የመጀመሪያዋን ሙዳይ ለልጅ ልጃቸው ሲሰጡ ውስጧን ባዶ ያደርጋሉ ብዬ አላስብም። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዶቃ ይሁን፣ ሳንቲም ይሁን፣ የፈተሉት ልቃቂት ይሁን። ምናልባትም ምንም የለ። አንቺ አትክፈቻት፣ እንዳትነቀንቂያትም። ይቅርታውን ከጠየቅሽ በኋላ፣ ልጅቱ ስፌቱን በጀመረች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ወንበር ላይ ወጥተሽ አውርጃት፣ አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊላት፣ እማማ በተቀመጡበት ለልጅሽ በሁለት እጅሽ ስጫት። ክዳኑን እሷ ታንሣው።